የቀዛፊው ልብ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ አንዲት ተማሪ መጣች። ልብንና ትንፋሽን ስለሚመሩ ነርቮች ሳስተምር እንደኖርኩ ሰምታ ኖሯል። «ጋሼ፣ አየር ስስብ ልቤ ይፈጥናል፤ ሳስወጣ ይዘገያል። በሽታ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ጤና ነው፣ አይዞሽ» ብዬ በሁለት ደቂቃ ሸኘኋት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

እንቅልፍ የነሳኝ ነገር በ1963 ዓ.ም. የሆነ ነው። ከጎንደር ተመርቄ የወጣሁ አዲስ ጤና መኮንን ነበርኩ። ማዳመጫዬን ከአንገቴ አላወርድም። ገበያም ይዤው እወጣ ነበር፤ አትሳቁ። አንድ ቀን ከሐይቁ ዳር አንድ ጎረምሳ ከእናቱ ጋር መጣ። ከዘጌ እንጨት በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር የሚያደርስ ቀዛፊ ነው። የዓሣ እሾህ መዳፉን ወግቶት አመርቅዟል። ቁስሉን አጥቤ፣ አሽጌ መሸኘት ነበረብኝ። እኔ ግን የእጁን ትርታ ያዝኩ። ፈጠን ፈጠን ይልና ደግሞ ይዘገያል። እንደገና ፈጠን፣ እንደገና ዘግየት። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረግሁ። ያው ነው።

ደነገጥኩ። ድንጋጤዬ እንዳይታይብኝ ፊቴን ኮስተር አደረግሁ። «ልብህ ችግር አለበት። ከእንግዲህ ታንኳ እንዳትቀዝፍ» አልኩት። እናቱ «እስከ መቼ?» አሉ። «እስከ መጨረሻው» አልኳቸው። ልጁ ትንፍሽ አላለም። የታሸገ እጁን ብቻ ያይ ነበር። ትከሻው እስካሁን ይታየኛል፤ የእኔን እጥፍ ይሆናል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለተጨማሪ ትምህርት ተላክሁ። አንድ ከሰዓት መምህራችን አንዱን ጓደኛችንን አስተኝቶ የልቡን ምትና ትንፋሹን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አሳየን። ደረቱ ከፍ ሲል ምቶቹ ይቀራረባሉ፤ ዝቅ ሲል ይራራቃሉ። ካርል ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ይህንን በ1847 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። እኔ ጣና ዳር ስኮሳተር ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ከማጅራታችን ከፍ ብሎ፣ በአንጎል ግንድ ውስጥ ሜዱላ የሚባል ቦታ አለ። ትንፋሽንና ልብን የሚመሩት ነርቮች እዚያ ጎረቤታሞች ናቸው። ከዚያ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ለልብ ልጓሙ ነው። ልጓሙ ባይኖር የወጣት ልብ ቁጭ ብሎም በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ በመታ ነበር። አየር ስንስብ ልጓሙ ይላላል፤ ስናስወጣ ይጠብቃል። ወጣትና ጠንካራ ሰው ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ትርታውን እንደያዝኩ ዓይኔን ደረቱ ላይ ጣል ባደርግ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይገባኝ ነበር።

ቬገስን ካነሳሁ አይቀር፣ ኦቶ ሎዊ የተባለውን ተመራማሪ ልጥቀስላችሁ። የሁለት እንቁራሪት ልብ ይዞ፣ የአንዱን ቬገስ ሲቀሰቅስ ልቡ ዘገየ። ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሌላው ሲያዛውር እሱም ዘገየ። ነርቭ በኬሚካል እንደሚናገር ታወቀ። በ1936 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዛዊው ተመራማሪ ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ሎዊ ራሱ እንደተረከው ሐሳቡ የመጣለት በሕልሙ ነው። ሌሊት ተነስቶ ጻፈው፤ ጠዋት የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። በማግሥቱ ሌሊት ሕልሙ ተመለሰለት። ለእኔ ግን ያ ልጅ አልተመለሰልኝም።

ፈልጌው ሄጄ ነበር። ያገኘሁት እናቱን ነው። ታንኳው ደጃፍ ላይ ደንገሉ በስብሶ ተደፍቷል። «ቤት መዋል ሰለቸውና ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ» አሉኝ። ያን ፀሐይ፣ ያን ወባ አሰብኩት። እውነቱን ስነግራቸው አልተቆጡም። «ታዲያ አሁን ምን ብዬ ልላክበት?» ብቻ አሉ። መልስ አልነበረኝም።

አንብቡ፣ ሰዓት አክብሩ አልላችሁም፤ እሱን የሚላችሁ ሞልቷል። «አላውቅም» ማለትን ግን ልመዱ። እርግጥ ሐኪም ሲያመነታ ሕመምተኛው ይሸበራል። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አልገባኝም። የዛሬ ልጆች ደግሞ ትርታ የሚቆጥር ሰዓት እጃችሁ ላይ አስራችሁ ሰው መንካት ትታችኋል። የልጅ ልጄ አንዱን አሰረልኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሳፈጥበት ዋልኩ፣ እንግዲህ እኔም ያው ነኝ።

አንቺ ጠያቂዬ፣ ይህን የምጽፈው በዋናነት ላንቺ ነው። «ጤና ነው» ያልኩሽ እጅሽን እንኳ ሳልይዝ ነው። ራስሽን ስተሽ ታውቂ እንደሆነ፣ ደረትሽን ይወጋሽ እንደሆነ፣ ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሽ እንደሆነ አልጠየቅኩሽም። ካለ ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ቤት ሂጂ። ባይኖርም ሐሙስ ከሰዓት እዚያው ቡና ቤት ነኝ። ማዳመጫዬን ይዤ እመጣለሁ።