በ191 ዓመት ተሸጦ ያለቀው መጽሐፍ

በዚህ ዕትም ስለ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የደረሱንን ጥያቄዎች አሰባስበን እንመልሳለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶች ቀዳሚው ኦክስፎርድ ነው ወይስ ካምብሪጅ? ሁለቱም ሲባል እሰማለሁ። (የታሪክ መምህር፣ ከጎንደር)

መልሱ ቆጠራው ከየት ይጀምር በሚለው ይወሰናል። ካምብሪጅ ከንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የማተም ፈቃድ ያገኘው በ1534 ሲሆን የመጀመሪያ መጽሐፉን ያወጣው በ1584 ነው። በኦክስፎርድ ከተማ ደግሞ ገና በ1478 መጽሐፍ ታትሟል፤ ነገር ግን ያ ሥራ ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የማተም መብት በሕግ የጸናለት በ1586 ነው። ስለዚህ በፈቃድ ካምብሪጅ ይቀድማል፤ ኦክስፎርድ በበኩሉ የ1478ቱን መጽሐፍ ይጠቅሳል።

ያ መጽሐፍ ራሱ ለአራሚዎች ትልቅ ትምህርት ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ የተጻፈው ዓመት 1468 ይላል። ዓመቱ በሮማውያን ቁጥር ሲለቀም (የኅትመት ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲደረደሩ) አሥርን የምትወክለው ፊደል አንድ ጊዜ ተዘለለች፤ በዚህም መጽሐፉ በአሥር ዓመት አረጀ። በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት በእንግሊዝ የኅትመት ጀማሪ ማን እንደሆነ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል።

ጥያቄ፦ የማይሸጥ መጽሐፍ ማተም ለምን ያስፈልጋል? (የመጽሐፍ ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ)

በ1716 ዴቪድ ዊልኪንስ ያዘጋጀው የቅብጥ ቋንቋ አዲስ ኪዳን ከላቲን ትርጉሙ ጋር በኦክስፎርድ በ500 ቅጂ ታተመ። የመጨረሻው ቅጂ የተሸጠው በ1907 ነው። ሲካፈል በዓመት ሦስት ቅጂ እንኳ አይሞላም። በንግድ ዓይን ይህ ኪሳራ ነው። ሆኖም በእነዚያ 191 ዓመታት ውስጥ ቅብጥ ለመማር የተነሣ ሰው መጽሐፉን ሊያገኘው ይችል ነበር፤ የምሁራን ማተሚያ ቤት ዋና ሥራም ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ገንዘቡ ከየት መጣ ቢሉ፣ ዋናው ከመጽሐፍ ቅዱስ ሽያጭ ነበር። እሱም ቢሆን ከስሕተት አላመለጠም። ጆን ባስኬት በ1717 በኦክስፎርድ ባተመው ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 20 አናት ላይ «የወይን አትክልት ምሳሌ» መባል የነበረበት «የኮምጣጤ ምሳሌ» ተብሎ ወጣ። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት (vineyard እና vinegar) አጀማመራቸው አንድ ነው። አራሚ የገጹን ውስጥ በጥንቃቄ እያነበበ በትልቅ ፊደል የተጻፈውን ርእስ ያልፈዋል፤ ይህ ዛሬም በየማተሚያ ቤቱ ይደርሳል። ርእሶችን ለብቻቸው፣ ከገጹ ንባብ ነጥሎ ማንበብ ይገባል።

ጥያቄ፦ መጽሐፈ ሄኖክ በኦክስፎርድ ታትሟል ይባላል። ግዕዙን ማን አነበበላቸው? (ዲያቆን፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

ነገሩ የሚጀምረው ከብራና ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1773 ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂዎች ይዞ ነበር፤ አንዱን ለኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ብራናው እዚያ ወደ ሃምሳ ዓመት ከተቀመጠ በኋላ በዚያው የዕብራይስጥ ፕሮፌሰር የነበረው ሪቻርድ ሎውረንስ በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉሙን፣ በ1838 ደግሞ ግዕዙን አሳተመ። ሎውረንስ የያዘው አንድ ብራና ብቻ ስለነበር የብራናው ገልባጭ ስሕተት ሁሉ እንዳለ ወደ ኅትመቱ ገባ።

አር. ኤች. ቻርልስ በ1906 እዚያው ሲያሳትመው 23 ብራናዎችን አመሳክሮ ነበር። በ1978 የወጣው የማይክል ኒብ ዕትም ደግሞ አንድ ብራና መሠረት አድርጎ የሌሎቹን ልዩነት ከግርጌ ያስቀምጣል፤ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ የተገኙትን የአረማይክ ቁርጥራጮችም ያገናዝባል። የአንድ መጽሐፍ ዕድሜ በእንዲህ ያለ ድጋሚ ሥራ እንደሚለካ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አናውቅም።

ለኅትመት ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎች በእጅ በሚደረደሩበት ዘመን ግዕዝ መልቀም ቀላል አልነበረም። 26ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 182 ይሆናሉ፤ እንደ ቈ እና ጐ ያሉት 20 ዲቃላዎች ሲጨመሩ 202፤ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ለቃሚው ቋንቋውን ካላወቀ ፊደሉን የሚለየው በቅርጹ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ካዕብና ሣልስ፣ ራብዕና ሳድስ በቀላሉ ይምታቱበታል።

ጥያቄ፦ ኦክስፎርድ ዛሬም መጽሐፎቹን ራሱ ያትማል? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

አያትምም። የራሱ ማተሚያ በ1989 ተዘግቷል። ምርጫው፣ አርትዖቱና ሥርጭቱ ግን የእሱ ነው። የቀረበለት መጽሐፍ ይታተም ወይስ አይታተም የሚለውን ዛሬም የሚያጸድቀው «ዴሌጌትስ» የሚባለው የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጉባኤ ነው፤ አጀማመሩ ከ1630ዎቹ ነው።

ጥያቄ፦ የዶክትሬት ጽሑፌ ረጃጅም የግዕዝ ጥቅሶች አሉት። እንዲህ ላለ ማተሚያ ቤት እንዴት ላቅርበው? ምንስ ያበላሽብኛል? (ተመራማሪ፣ ከጀርመን)

ሙሉውን ጽሑፍ አይላኩ። የሚቀርበው ሐሳቡን የሚያስረዳ ጥቂት ገጽ፣ የየምዕራፉ አጭር መግለጫ፣ አንድ ወይም ሁለት የናሙና ምዕራፍ፣ የቃላቱ ብዛትና የሥራ ታሪክዎ ነው። አርታኢው ከወደደው ለውጭ ገምጋሚዎች ይልከዋል፤ ለገምጋሚዎቹ በጽሑፍ ከመለሱ በኋላ ነው ጉዳዩ ወደ ጉባኤው የሚሄደው። ለመመረቂያ የጻፉትን እንዳለ ማቅረብ ብዙዎችን ጥሏል፤ ለፈታኞች ተብሎ የተጻፈው ረጅም የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት አብዛኛው መውጣት አለበት።

ወደ ግዕዙ ስንመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ፊደሉ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) መጻፉን ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የኮምፒውተር ፊደሎች ግዕዙን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሳሉ ናቸው። ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ላቲን ይሆናል። ለመፈተን ጐ፣ ቍ እና ኈ ያሉበትን አንድ አንቀጽ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ይክፈቱት።

ቀጥሎ ነጥቦቹን ይመልከቱ። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን በእንግሊዝኛው ኮሎን፣ አራት ነጥብን በሁለት ኮሎን ይጽፋል። ለዓይን ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ በመስመር መጨረሻ ላይ ግን ሁለቱ ኮሎኖች ተለያይተው አንዱ ወደሚቀጥለው መስመር ሊወርድ ይችላል። ትክክለኞቹ ፡ እና ። ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት «ፈልገህ ተካ» በሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ነው። አንድ ሰው ፊደሉን ወጥ ላድርግ ብሎ ሠን ሁሉ በሰ ቢተካ፣ በግዕዝ «ሠረቀ» ማለትም ፀሐይ ወጣ የሚለው ቃል «ሰረቀ» ይሆንና ፀሐይቱን ሌባ ያደርጋታል። የብራናው አጻጻፍ የተለየ ከሆነም ባለበት ጠብቀው ልዩነቱን ከግርጌ ይግለጹት።

የመጨረሻው የእርማት ወረቀት ሲመጣልዎት ስሕተት ብቻ ያርሙ። በዚያ ደረጃ ሁለት መስመር ቢጨምሩ የሚቀጥሉት ገጾች ይገፋሉ፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹ የሚጠቅሱት የመስመር ቁጥርና የመጽሐፉ ማውጫ ያኔ ይዛባሉ። መጨመር ግድ ከሆነ ከዚያው አንቀጽ ውስጥ ያንኑ ያህል ፊደል ይቀንሱ።