ዛሬስ ለልጆቹ ምን ምሳ ይሠራ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከ1 እስከ 6 ዓመት ለሆኑ ልጆች ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ምሳ ከደረሱን ጥያቄዎች የተወሰኑትን መርጠናል። 1 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት አመጋገብ የተለየ ስለሆነ እዚህ አልነካነውም።

ጥያቄ፦ የ2 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ ቀኑን የሚውሉት ቤት ነው። ምሳቸው ከፓስታና ከሩዝ አልወጣ አለ። ኢንተርኔት ላይ የማየው ሁሉ ብዙ ዕቃና ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። በየቀኑ አዲስ ነገር ከየት ላምጣ?

መልስ፦ በየቀኑ አዲስ ምግብ ማምጣት አይጠበቅብዎትም፤ ባያመጡም ይሻላል። ትንሽ ልጅ ሳህኑ ላይ የሚያውቀውን ነገር ሲያጣ እጁን ይሰበስባል። የሚያዋጣው የለመዱትን ይዞ አንዱን ብቻ መቀየር ነው።

ምሳውን በሦስት ይክፈሉት፦ ኃይል ሰጪ (ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ዳቦ)፣ ገንቢ (እንቁላል፣ ምስር፣ ዶሮ፣ ዓሣ) እና ከበሽታ ተከላካይ (ካሮት፣ ዱባ፣ ቆስጣ፣ ብሮኮሊ)። ከእያንዳንዱ አራት አራት ዓይነት ካለዎት 64 የተለያየ ሳህን ይወጣል። ዛሬ ሩዝ በምስርና በካሮት ከበሉ፣ ነገ ሩዙና ካሮቱ እንዳሉ ሆነው ምስሩ በእንቁላል ይተካል። ከነገ ወዲያ ደግሞ እንቁላሉ ይቆይና ሩዙ ለድንች ቦታውን ይለቃል። ልጁ ሁልጊዜ ሁለት የሚያውቃቸው ነገሮች ፊቱ አሉ፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ብዙ ዓይነት በልቷል።

አቆራረጡም ለውጥ ነው። ተቀቅሎ በጣት ቁመት የተቆረጠ ካሮት፣ ተፈቅፍቆ ከሩዝ ጋር የበሰለ ካሮትና ከድንች ጋር የተፈጨ ካሮት ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለ2 ዓመት ልጅ ግን ሦስት ምግብ። አንዱን የተፋ ልጅ ሌላውን ጠይቆ ይበላል።

አንዴ ተሠርተው ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚበቁ ሁለት ምግቦች ይያዙ።

የመጀመሪያው የምስር ጥብስ ነው። አንድ ኩባያ (200 ግራም ገደማ) ምስር ክክ አጥበው በሁለት ኩባያ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይቀቅሉ። ከዚያ ክዳኑን አንስተው፣ ማንኪያው ሲሄድ የድስቱ ታች ለአፍታ እስኪታይ ድረስ እያማሰሉ ያድርቁት። ይህችን የሚዘል ሰው ነው "መጥበሻው ላይ ፈረሰብኝ" የሚለው፤ እርጥብ ምስር እንቁላልም ዱቄትም አይዘውም። ለ20 ደቂቃ ካበረዱት በኋላ አንድ የተፈቀፈቀና በእጅ የተጨመቀ ካሮት፣ አንድ እንቁላል፣ 5 የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ይጨምሩ። በእርጥብ እጅ ጠፍጠፍ ያሉ ክቦች ሠርተው፣ በጥቂት ዘይትና በመካከለኛ እሳት እያንዳንዱን ጎን 3 ደቂቃ ይጥበሱ። ቶሎ ለመገልበጥ አይቸኩሉ፤ ታቹ ሲጠበስ ራሱ ከመጥበሻው ይላቀቃል። ወደ 12 ክብ ይወጣል።

ሁለተኛው የእንቁላል ኬክ ነው። 6 እንቁላል ከ3 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጋር ይምቱ፤ አንድ ኩባያ የበሰለና ደቆ የተከተፈ አትክልት ይጨምሩበት። በዘይት በተቀቡ ትንንሽ የኬክ ቅርፆች ሁለት ሦስተኛ ያህል ሞልተው በ180 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጋግሩ። ኦቨን ከሌለ ክዳን ባለው መጥበሻ፣ በጣም በዝቅተኛ እሳት መሐሉ እስኪረጋ ድረስ (10 ደቂቃ ገደማ) አብስለው በቁመቱ ይቁረጡት። ሲቆረጥ ውኃ ካወጣ ጥፋቱ የአትክልቱ ነው፦ ቆስጣ፣ ዝኩኒና ቲማቲም ሳይጨመቁ አይገቡም። እንደ ጎማ ከተሳበ ደግሞ ከሰዓቱ አልፏል።

ሁለቱም ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ይቆያሉ። ሲያሞቁ ውስጡ ድረስ እንፋሎት እስኪያወጣ አሙቀው፣ ከዚያ አብርደው ይስጡ።

መጠኑን በተመለከተ፣ መነሻው ከእያንዳንዱ ምግብ ለአንድ ዓመት ዕድሜ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። የ2 ዓመቷ ልጅ ሁለት ማንኪያ ሩዝ፣ ሁለት ማንኪያ ምስር፣ ሁለት ማንኪያ ካሮት ይበቃታል፤ ከጠየቀች ይጨመርላታል። ብዙ ወላጅ "አልበላም" የሚለው ሳህኑን ለራሱ በሚያቀርበው መጠን ስለሚሞላው ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 13 ግራም ፕሮቲን በቂ ሲሆን፣ አንድ እንቁላል ብቻውን 6 ግራም ያህሉን ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ምሳ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ቀምሶ ይነሳል። ወተት ግን ይወዳል፤ እኔም ቢያንስ እሱ ሆዱ ይግባ እያልኩ እሰጠዋለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ምሳውን እየበላበት ያለው ያው ወተት ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ዕድሜ በቀን እስከ 500 ሚሊ ሊትር ወተት ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ሁለት ጉዳት አለው፦ ሆዱን ሞልቶ ምግብ ያስተወዋል፤ ወተት ውስጥ ደግሞ ብረት የለም ማለት ስለሚቻል ልጁ ለደም ማነስ ይጋለጣል።

ወተቱን ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ በኩባያ ይስጡት፤ ጡጦ ከሆነ አሁኑኑ ያስቁሙት። ከመክሰስ እስከ ምሳ ሁለት ሰዓት ያህል ከውኃ ሌላ ምንም አይቅመስ። ጭማቂ ከሰጡት በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይለፍ፤ ባይኖርም ምንም አይጎድልበትም። ምሳ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተቀምጦ ካልበላ፣ ሳይቆጡና ሳይለምኑት ሳህኑን አንስተው እስከ መክሰስ ይጠብቁ። "ሁለት ማንኪያ ብቻ፣ ለእማዬ" የሚባለው ነገር ለአንድ ቀን ይሠራል፤ በሳምንቱ ልጁ ምግብን መደራደሪያ ያደርገዋል። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን ለእሱ ይተዉለት።

ክብደቱ ከቀነሰ፣ ፊቱ ከገረጣ ወይም ሁልጊዜ ከደከመው ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ አትክልት የሚባል ነገር አይነኩም። ደብቄ ሶስ ውስጥ ልፍጨው?

መልስ፦ ይፍጩት፤ ግን በዚያ ብቻ አይመኑ። ሶስ ውስጥ የተደበቀ ዝኩኒ ልጁን ይመግበዋል እንጂ ዝኩኒን አያስተዋውቀውም። ከሶሱ ጎን አንድ የሚታይ ቁራጭ ያስቀምጡ፤ ባይበላውም ይቀመጥ። አንድን አዲስ ምግብ ለመቀበል ብዙ ልጆች ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ይፈልጋሉ፤ አብዛኛው ወላጅ ግን ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ነክቶ ማሽተትም፣ ልሶ መመለስም እንደ ጅምር ይቆጠራል። "አትክልቱን ከጨረስክ ከረሜላ" አይበሉ፤ ልጁ የሚማረው ከረሜላ ሽልማት፣ አትክልት ደግሞ ቅጣት መሆኑን ነው።

ጥያቄ፦ ሥጋ ቤታችን አይገባም። የልጆቹን ብረት በምን እሸፍነዋለሁ?

መልስ፦ ከ1 እስከ 3 ዓመት በቀን 7 ሚሊ ግራም፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት 10 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋል። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ከ3 ሚሊ ግራም በላይ አለው። ችግሩ የእህልና የጥራጥሬ ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አለመግባቱ ነው። ስለዚህ አብሮት ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ይቅረብ፦ ቲማቲም፣ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ብርቱካን። ብርቱካኑ ጠዋት ተበልቶ ምስሩ ምሳ ላይ ከሆነ አይጠቅምም፤ አንድ ገበታ ላይ መገናኘት አለባቸው። ሻይ ግን ብረቱን ስለሚይዘው ከልጆች ምሳ ይራቅ።

ቀይ ቦሎቄ የሚያበስሉ ከሆነ አዳሩን ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉ፤ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ከተንተከተከ በኋላ ነው እሳቱ የሚቀነሰው። ጥሬውም ሆነ በዝግታ ብቻ የበሰለው ከባድ ትውከት ያመጣል።

ጥያቄ፦ የትናንት ሩዝ ለልጅ ይሰጣል ወይ?

መልስ፦ በአያያዙ ይወሰናል። ሩዝ ውስጥ በመቀቀል የማይሞት የባክቴሪያ ዘር ይኖራል፤ ሩዙ ሞቅ ብሎ ሲውል ባክቴሪያው ይራባና መርዝ ያመነጫል፤ መርዙን ደግሞ ዳግመኛ ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ እንደወጣ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግተው ያብርዱት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይበላ። ድስቱ ምድጃው ላይ ካደረ ይድፉት።

ጥያቄ፦ የልጆቹን ለብቻ ማብሰል ሰልችቶኛል። የእኛኑ ቢበሉስ?

መልስ፦ ይብሉ። ጨውና ሚጥሚጣ ከመግባቱ በፊት የእነሱን ድርሻ ቀንሰው ያስቀምጡ። ከ1 እስከ 3 ዓመት በቀን ከ2 ግራም፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ከ3 ግራም ጨው ማለፍ የለበትም፤ አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ወደ 6 ግራም ይሆናል። የሾርባ ኩብ፣ ቺዝና ዳቦም ጨው ስላላቸው አብረው ይቆጠራሉ።

ጥያቄ፦ ወይንና ለውዝ ከስንት ዓመት ጀምሮ?

መልስ፦ ሙሉ ለውዝ ከ5 ዓመት በፊት አይሰጥም፤ በደንብ የተፈጨ ወይም ዳቦ ላይ በስሱ የተቀባ የለውዝ ቅቤ ግን አለርጂ ከሌለ ከዚያ በፊትም ይቻላል። በማንኪያ ጭነው አይስጡት፤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ወይንና ትንንሽ ቲማቲም በቁመታቸው ለአራት ይቆረጡ፤ በአግድም ለሁለት የተቆረጠ ወይን አሁንም ክብ ስለሆነ የመተንፈሻ ቧንቧውን ሊዘጋ ይችላል። ጥሬ ካሮት ይፈቅፈቅ ወይም ይቀቀል። ፈንዲሻና ጠንካራ ከረሜላም ከ4 ዓመት በፊት ይቅሩ። ልጁ ሁልጊዜ ተቀምጦ፣ ትልቅ ሰው እያየው ይብላ፤ እየሮጠ የሚበላ ልጅ በለስላሳ ዳቦም ትን ሊለው ይችላል።