ከጠርሙስ ስባሪ ግሌዝ መሥራት ለምትፈልጊው እህቴ

«ሀዋሳ ነኝ፣ የጠርሙስ ስባሪና አመድ ለሲኒ ግሌዝ ይሆናል ወይ?» ላልሽው፣ በደንብ ይሆናል። ግሌዝ ያው ሲኒው ላይ ተቀብቶ እቶን ውስጥ ሲቀልጥ እንደ መስታወት የሚሆነው ልባስ ነው። እኔም እዚሁ ሀዋሳ ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። እኔ የከሰርኩትን አንቺ እንዳትከስሪ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. ጠርሙሱን ከቆራሌው ግዢ። እኔ በሕጋዊ መንገድ ልውሰድ ብዬ አንድ ቢሮ ደብዳቤ ጠየቅኩ። ሦስት ሳምንት «ነገ ና» ተባልኩ። በመጨረሻ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ቆሻሻ ለመልቀም ነው ደብዳቤ የምትፈልገው?» አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ቆራሌው በማግስቱ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። የአሮጌ ቴሌቪዥን መስታወት ግን እንዳትነኪ፣ እርሳስ አለበት።

2. ስትወቅጪ ውሃ ጨምሪበት፣ አቧራው ለሳንባ አይሆንም። ዘነዘናሽ ብረት ከሆነ ዱቄቱን በማግኔት አጥሪው። አለዚያ ነጭ ሲኒ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል።

3. ዋናው ይሄ ነው። ለአንድ ካፌ 48 ሲኒ ሠራሁ። 90 እጅ የጠርሙስ ዱቄት፣ 10 እጅ ካኦሊን፣ ማለትም ነጭ የሸክላ አፈር። ከእቶን ሲወጡ ያብረቀርቃሉ፣ ደስታዬን አልነግርሽም። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቷ ደወለች። ሄጄ አንዱን ሲኒ ሳነሳው ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ክብ ቀረ። ውስጡን ሳየው ቡናው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭን ቡናማ መስመር ተሞልቷል። ብሩን ሙሉውን መለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ከ12 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ሶዲየም ኦክሳይድ ነው። ሶዲየም የበዛበት ግሌዝ ሲቀዘቅዝ ከጭቃው በላይ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። አሁን ጠርሙሱን ወደ 65 እጅ አውርጄ ካኦሊንና የደቀቀ ኳርትዝ የሚባል ድንጋይ ጨምሬበታለሁ፣ ሙቀቱንም ወደ 1100 ዲግሪ ከፍ አድርጌዋለሁ። ካኦሊኑ ሲበዛ በውሃ የበጠበጥሽው ዱቄትም ባልዲው ሥር እንደ ሲሚንቶ አይደርቅም። እጅሽን ጓንት አልብሽው፣ የግሌዙ ውሃ ሲቆይ ቆዳ ይበላል።

አመዱን ከዳቦ ቤት ውሰጂ። በውሃ አጥበሽ በወንፊት አጥልዪው። የአንዱ ወር አመድ ከሌላው ጋር አንድ ስለማይሆን አንዴ ብዙ አድርገሽ ያዢ።

ከመሸጥሽ በፊት ግን ሲኒው ውስጥ ጥቁር ቡና ሞልተሽ ጋዜጣ ላይ አሳድሪው። ጠዋት ጋዜጣው ከረጠበ አትሽጪው። ደረቅ ቢሆንም ከሳምንት በኋላ ድገሚው፣ አንዳንዱ ቆይቶ ነው የሚሰነጠቀው። ጭቃሽን ከየት እንደምታመጪ ጻፊልኝ፣ መጠኑን አብረን እናየዋለን።