ማይል የሚቆጥር መኪና ገዝቼ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ መኪና ገዛሁ። ፍጥነት መለኪያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ማይል ነው። ኪሎ ሜትሩ ከውስጥ በኩል በትንንሹ አለ። የምነዳበት መንገድ ምልክት ግን በኪሎ ሜትር ነው። ክላስተሩን (መለኪያዎቹ ያሉበትን ሙሉ ሰሌዳ) ላስቀይር? ሕጉስ ይከለክላል?»

መልስ፦ አትቸኩል ወንድሜ። ጥንቃቄው ግን ይገባሃል፤ ቀስቱን በትልቁ ቁጥር 50 ላይ አድርገህ 50 የሚል ምልክት ካለፍክ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረርክ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ፍጥነት በኪሎ ሜትር እንዲታይ ያዛል። በማይል የሚጠቀም አገር ላይ ማይሉም ይጨመራል። ቁጥሩ ቀንም ማታም ከሹፌሩ ወንበር በግልጽ መነበብ አለበት። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ማይል ብቻውን ወይም ሁለቱን አንድ ላይ ይፈቅዳል። ያንተ ሁለቱም ስላለው ጥሩ ነው። ማታ መብራት አብርተህ ትንሹን ቁጥር አንብበው። ካልታየህ አምፖሉን አስቀይር። የመጨረሻው ቃል ግን ታርጋ የሰጠህ መሥሪያ ቤት ነው፤ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ጠይቃቸው።

ስክሪን ካለው ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ኪሎ ሜትር ምረጥ። በዲጂታል የሚታየው ይቀየራል፤ የታተመው ቁጥር ግን ያው ነው። ለእሱ ርካሹ መላ ከመለኪያው መስታወት ውጪ ቀጭን ተለጣፊ ማድረግ ነው፦ 31 ማይል ላይ ለ50፣ ማይል 50 ላይ ለ80፣ 62 ላይ ለ100። ያምራል አልልህም፣ ግን ይሠራል።

አዲስ የቁጥር ገጽ ማስለጠፍም ይቻላል። እዚህ ላይ ቀስቱ ይነቀላል፣ ችግሩም እዚያ ነው። በትንሹ ተዛንፎ ከተመለሰ ፍጥነቱ በሙሉ ይዋሻል። ደንቡ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዲያሳይ በፍጹም አይፈቅድም። ከፍ ማለት ግን ይችላል፤ 100 ስትነዳ እስከ 114 ቢያሳይ ሕጋዊ ነው። ስለዚህ ከሥራው በኋላ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ አጠገብህ ያለው ሰው የስልኩን ጂፒኤስ ይያዝና አስተያዩ። መለኪያው ከስልኩ ካነሰ አልተቀበልኩም በል። ጎማህ ከፋብሪካው መጠን በላይ ትልቅ ከሆነም እንዲሁ ያሳንሳል።

ሙሉ ክላስተር ከሌላ መኪና ፈትቶ መግጠሙን አልወደውም። አንድ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ አስገጥሞ፣ መኪናው አልነሳ ብሎት በገመድ ተጎትቶ መጣ። አንዳንድ መኪና ላይ የቁልፉ ኮድ የሚቀመጠው ክላስተሩ ውስጥ ነው። የራሱን የቀድሞ ክላስተር መልሰን ገጠምንለት፣ በአንድ ቁልፍ ተነሳ።

ሌላው ጣጣ የተነዳው ርቀት ነው። የተገጠመው ክላስተር የሌላ መኪና ታሪክ ይዞ ይመጣል። 90,000 ማይል ማለት ወደ 145,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁጥሩን ሳይነካ «ማይል» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ የቀየረ ሻጭ 55,000 ኪሎ ሜትር ደበቀ ማለት ነው። የአሜሪካ ሕግ ጥገና ላይ የቀድሞውን ንባብ ማቆየት ካልተቻለ ቆጣሪው ወደ ዜሮ እንዲመለስ፣ የቀድሞው ንባብና ቀኑም ተጽፎ በግራ በኩል ባለው የበር ፍሬም ላይ እንዲለጠፍ ያዛል። አንተም ከማስቀየርህ በፊት የቆጣሪውን ፎቶ አንሳ፣ ደረሰኙ ላይ ንባቡን ከነማይሉ አስጽፍ። ያንተን መኪና የበር ፍሬምም አሁኑኑ ከፍተህ እየው፤ ምናልባት የቀድሞው ባለቤት የለጠፈው ወረቀት ይኖር ይሆናል።