አምባሩ ወይስ አክሲዮኑ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። ቶሮንቶ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ያጠራቀመችውን 10,000 ዶላር የወርቅ ማዕድን ኩባንያዎችን አክሲዮን ብቻ በሚገዛ፣ በባለሙያ በሚተዳደር የጋራ ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ላይ የሚሰበሰብበት) ልታስገባው ነው። «ከእናታችን የወርቅ አምባር ምን ለየው?» ትላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ በጣም ይለያል። አምባሩ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ማዕድን ቆፋሪው ግን ናፍጣ፣ ሠራተኛና ግብር አለበት። አንዱን አውንስ (31 ግራም ገደማ) ወርቅ በ1,500 ዶላር አውጥቶ በ2,000 የሚሸጥ ኩባንያ 500 ያተርፋል። ዋጋው 10 በመቶ ወርዶ 1,800 ቢሆን ትርፉ 300 ብቻ ነው፤ 40 በመቶ ተቆረጠ። ዋጋው ሲወጣም ትርፉ እንዲሁ ይዘላል፤ እህትዎን ያማለላት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ከ1,900 ዶላር አልፎ የነበረው ወርቅ በ2015 መጨረሻ 1,050 አካባቢ ወርዶ ነበር። የትልልቆቹ ቆፋሪዎች አክሲዮን ግን ከዋጋው አራት አምስተኛ ያህሉን አጣ።

የአስተዳዳሪውን ክፍያም ትጠይቅ። 2 በመቶ ከሆነ በዓመት 200 ዶላር ነው፤ ፈንዱ ቢከስርም ይከፈላል። (እኔ ሠላሳ ዓመት ባንክ ቤት ሠርቼ ያየሁት፣ ደንበኛ ስለ ትርፍ አሥር ጊዜ ሲጠይቅ ስለ ክፍያ አንዴም እንደማይጠይቅ ነው።)

ገንዘቡ ለቤት ኪራይ ወይም ለልጅ ትምህርት ቤት የታሰበ ከሆነ አይሆንም። ለአሥር ዓመት የማትነካው ከሆነ ግን ከአሥሩ አንዱን፣ 1,000 ዶላሩን ታስገባ። አምባሩንም አትሽጡት።