ፎርማት ያደረግኩት ኮምፒውተር

ባለፈው ኮምቦልቻ ላይ ከተመራቂ ልጆች ጋር ስናወራ አንዷ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ለምንድነው ምርጫ በኮምፒውተር የማናደርገው? ማታውኑ ውጤቱ ይታወቅ ነበር እኮ» አለችኝ። የሆነ ነገር መለስኩላት። የሐረጎን ዳገት ይዤ ወደ ደሴ ስወጣ ግን ሃያ አመት ሊሞላው የተቃረበ ነገር ተነሳብኝና እንቅልፍ ነሳኝ፣ ለሷም ለናንተም ልጻፈው ብዬ ነው።

በ1999 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ አንድ የቁጠባ ማህበር ሰብሳቢ ሊመርጥ ነበር። በፊት በወረቀት ነበር የሚመርጡት፣ ቆጠራው ይመሻል፣ ጭቅጭቅ አለው። ያኔ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው፣ ቪዡዋል ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ችያለሁ ብዬ የምኮራበት ጊዜ ነው፣ እኔ እሰራላችኋለሁ አልኳቸው። ዳታውን አክሰስ የሚባለው የማይክሮሶፍት መረጃ ማስቀመጫ ላይ አደረግኩት፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የሁለቱን ተወዳዳሪዎች ፎቶ አስገባሁ፣ አባሉ ይፈርማል፣ መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ፎቶውን ክሊክ ያደርጋል፣ አለቀ። ኮምፒውተሩ የቢሯቸው ነው፣ ኮፒ የሆነ ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ አንድም ቀን አፕዴት ተደርጎ የማያውቅ። ፕሮግራሙን በራሴ ፍላሽ ይዤ ሄጄ ጫንኩት። የዛን ጊዜ ፍላሽ ታስታውሱ እንደሆነ እንጃ፣ ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው፣ ከፎቶ ቤት ወደ ኢንተርኔት ካፌ ሲዞር የሚውል ነገር ነው፣ ፎልደር መስሎ የሚቀመጥ ቫይረስ የሌለበት ፍላሽ ማግኘት ብርቅ ነበር።

የፈረመው 267 ሰው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውም 267። አንደኛው 138፣ ሌላኛው 129። የተሸነፉት በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግተው የሚሰፉ አባት ናቸው። ተነሱና «ልጄ፣ ወረቀት ቢሆን ደግማችሁ ትቆጥሩልኝ ነበር፣ አሁን ምኑን ነው የምትቆጥሩልኝ?» አሉ። ረጋ ብለው ነው የጠየቁት። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ «አባባ አብሽሩ፣ ኮምፒውተር አያዳላም» አልኳቸው። ተጨበጨበ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

በሶስተኛው ሳምንት ፕሪንተር እምቢ አለን ብለው ጠሩኝ። አዲስ አንቲቫይረስ ይዤ ሄጄ ስፈትሽ ቫይረሱ ሞልቶበታል፣ ቀኑን ሳይ እኔ ፕሮግራሙን የጫንኩበት ቀን ነው። በኔ ፍላሽ የገባ ነው። የአክሰሱ ፋይል ፓስወርድ የለውም፣ መጨረሻ የተነካበት ሰዓት ደግሞ የምርጫው ማታ ነው፣ ሁላችን ከሄድን በኋላ። አንድ ሰው ቀይሮት ይሆን? አክሰስ እኮ ዝም ብለህ ከፍተህ ብትዘጋውም ሰዓቱ ይቀየራል። ቫይረሱስ ድምፅ ይነካል? የሚነካ አይመስለኝም፣ ግን በምን አውቃለሁ። እና ምን አደረግኩ፣ ሃርድ ዲስኩን ፎርማት አድርጌ፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ማለት ነው፣ ዊንዶውስ አዲስ ጫንኩና ሂሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። ብቸኛውን ማስረጃ በእጄ አጠፋሁት።

ከዛ በኋላ ነው የሌላውን አገር እያነበብኩ የገባኝ። በፈረንጆቹ 2006 አሜሪካ የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ዲቦልድ የሚባለው የምርጫ ማሽን ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድምፅ የሚሰርቅ ፕሮግራም እንደሚጫን፣ በሚሞሪ ካርድም ከማሽን ወደ ማሽን እንደሚዛመት አሳዩ። ሳነበው የራሴ ፍላሽ ነው የታየኝ። እዛው አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ዊንቮት የሚባል የምርጫ ማሽን ነበራቸው፣ ውስጡ ያው ኤክስፒ፣ ከ2004 ጀምሮ አፕዴት ያልተደረገ፣ በዋይፋይ የሚገባ፣ የዋይፋዩ ፓስወርድ የመጀመሪያዎቹ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት። በ2015 ነው የታገደው። ሀብታም አገር ነው እንግዲህ።

እና ልጆች፣ ኮዳችሁ ንፁህ ቢሆን እንኳ ኮዱ የተቀመጠው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ማለት ነው። ማውሱን የሚሰማው እሱ ነው፣ ፋይሉን የሚጽፈው እሱ ነው፣ «ልክ ነው ወይ» ብለህ ስትፈትሽም የሚመልስልህ እሱ ነው። እሱ ከተያዘ ምስክሩም ሌባውም አንድ ሆነ ማለት ነው። 267 ለ267 መሆኑ እኔን አታለለኝ፣ ድምሩ ልክ ሆኖ ማን ለማን እንደሰጠ ሊቀየር ይችላል። ተንኮል የግድ አይደለም ደግሞ፣ በ2003 ቤልጂየም ሻርቤክ ላይ አንዲት እጩ 4096 ድምፅ በትርፍ ተቆጠረላት፣ አንዲት ቢት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ 0 ወይም 1 ሆና የምትቀመጠው፣ ተገልብጣ ነው ተባለ፣ የተነቃውም ቁጥሩ ሊሆን የማይችል ስለነበረ ብቻ ነው።

ስለ ፓስወርድ ምናምን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የዘንድሮ ልጆች ችኩሎች ናችሁ፣ ሲሰራ ካያችሁ በቃ ይበቃችኋል፣ ሲበላሽ ምን ይሆናል አትሉም። ቴሌብር ይሰራ የለ ታዲያ ምርጫ ለምን አይሰራም የሚለኝ አለ። እኔም በቴሌብር ነው የምከፍለው፣ ግን ብር ሲጠፋ ማን ለማን እንደላከ ይታያል። ድምፅ ሚስጥር ነው፣ ከሰውየው ስም ጋር ልታያይዘው አትችልም፣ ሲጠፋ ባለቤቱ እንኳ አያውቅም። ለዚህ ነው ህንዶች ማሽናቸው ላይ ማንን እንደመረጠ የሚያሳይ ወረቀት የጨመሩት፣ መራጩ በመስታወት ውስጥ 7 ሰከንድ ያየዋል፣ ከዛ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ጀርመን ደግሞ በፈረንጆቹ 2009 የሕገ መንግስት ፍርድ ቤታቸው ተራው ዜጋ ያለ ባለሙያ እርዳታ ቆጠራውን ማየት መቻል አለበት ብሎ የ2005ቱ ማሽኖች አጠቃቀም ሕገ መንግስቱን ይጥሳል አለ። ልብስ ሰፊው አባት የጠየቁኝ እኮ ይሄንኑ ነው፣ ከነሱ ሁለት አመት ቀድመው።

ሌላው ቢቀር የተጠረጠረ ኮምፒውተር ካጋጠማችሁ ሳትነኩት መጀመሪያ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ኮፒ አድርጉ። ፎርማት ነገ ይደርሳል።

ለዛች ልጅ በስልክ ይሄን ሁሉ አወራኋት። ችኩሎች ናችሁ አልኩ እንጂ እሷ ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ሲያልቅ «ታዲያ ለልብስ ሰፊው አባት ነገሯቸው?» አለችኝ። ከሁለት አመት በኋላ ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ነበር። ሲንጀሩ ያው በረንዳ ላይ ነው። ለኩኝ፣ ሰፉ፣ ሻይ አዘዙልኝ፣ ስለ ምርጫው አንድ ቃል አላነሱም፣ እኔም ሻዬን ጨርሼ ሂሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።