ስድስት ቢላዋ በአንድ ሳጥን ከመግዛትሽ በፊት

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለጎጆሽ አበቃሽ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ወልድያ ገበያ ላይ ስድስት ቢላዋ ከነማስቀመጫው በአንድ ሳጥን አይተሻል። እሱን ልግዛ ወይስ አንድ አንድ እየመረጥኩ ልያዝ ብለሻል። እናትሽ የሰጡሽን የጠቆረ ካራም ባለቤትሽ «ጣዪው» ስላለሽ ግራ ገብቶሻል።

አብሽሪ፣ መልሱን ከፊት ልንገርሽ። ሳጥኑን አትግዢ። አንድ መካከለኛ ቢላዋ፣ አንድ ትንሽ ቢላዋና አንድ መሳያ ድንጋይ ግዢ። ካራውን ደግሞ አደራ፣ እንዳትጥዪው።

እኔ ጅዳ ሰው ቤት 4 ዓመት ምግብ ሠርቻለሁ። ከተመለስኩ በኋላ ደሴ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ይዤ ይኸው 11 ዓመት ሆነኝ። እንዳንቺው በሳጥን የሚሸጠውን ገዝቼ አውቃለሁ። ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ ነበር የማነሳቸው። አራቱ እንደቆሙ አቧራ ጠጡ። የምሠራባቸው ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ዶለዶሙ። የአንዱ ምላጭ ከእጀታው ተነቅሎ ወጣ። ያ ሁሉ ብር ለአንድ ጥሩ ቢላዋ ይበቃ ነበር።

ቢላዋ ስትመርጪ ከሱቁ አትነሺ፣ ከድስትሽ ተነሺ። በኛ ቤት በየቀኑ የሚቆረጠው ምንድን ነው? ሽንኩርት ነው። ከዚያ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ጎመን። ሥጋው በሳምንት ወይም በበዓል ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትገዢው ቢላዋ ለሽንኩርት የሚመች መሆን አለበት።

እናቶቻችን ሽንኩርት መዳፋቸው ላይ ይዘው ነው የሚከትፉት። በቁመት ይሰነጥቁታል፣ ያዞሩታል፣ ከዚያ ወደ ራሳቸው እየሳቡ ያረግፉታል። እንደሱ ከሆነ የምትከትፊው፣ ምላጩ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስስ ትንሽ ቢላዋ ይበቃሻል። ትልቅ ቢላዋ መዳፍ ላይ አደጋ ነው። እኔም እስከ ጅዳ ድረስ እንደዚያ ነበር የምሠራው። የሠራሁባቸው እመቤት ግን መክተፊያ ላይ ካልሆነ አይፈቅዱም ነበር። መጀመሪያ ቀፎኝ ነበር። ከወር በኋላ ግን 5 ኪሎ ሽንኩርት የሚፈጅብኝ ጊዜ በግማሽ አነሰ። አሁን ልጆቼንም የማስተምረው በመክተፊያ ነው።

ለመክተፊያ የሚሆነው ምላጩ ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነው። እጅሽ ትንሽ ከሆነ 16ም ይሆናል። ከእጀታው በኩል ሰፋ ያለ፣ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ፣ ሆዱ ትንሽ የጎበጠ ምረጪ። ሰፊ መሆኑ የሚጠቅመው ጣቶችሽ መክተፊያውን እንዳይመቱ ነው። የጎበጠ መሆኑ ደግሞ ጫፉን ሳታነሺ ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዝሽ እንድትከትፊ ይረዳሻል። አያያዙንም ልንገርሽ። ሁሉንም ጣት እጀታው ላይ አትጠቅልዪ። አውራ ጣትሽና አመልካች ጣትሽ ምላጩን ከእጀታው አጠገብ ግራና ቀኝ ይቆንጥጡት፣ ሦስቱ ጣቶች እጀታውን ይያዙ። ሽንኩርቱን የያዘው እጅሽ ደግሞ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ይጠፍ። ይህን ከለመድሽ ቢላዋው አይዞርብሽም።

ዋናው ነገር ግን ስለቱ ነው። ሽንኩርት ሲቆረጥ ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ የሚወጣው ውስጡ ያሉት ሕዋሳት ሲፈርሱ ነው። ዱልዱም ቢላዋ አይቆርጥም፣ ይጨፈልቃል። በጨፈለቀ ቁጥር ጋዙ ይበዛል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ። ወጡም ይጎዳል። የተጨፈለቀ ሽንኩርት ውሃውን መክተፊያው ላይ ይጨርሳል። ትልቅና ትንሽ ሆኖ የተቆረጠው ደግሞ ትንሹ ሲያር ትልቁ ገና ጥሬ ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላዪ እኩል የሚሟሟው እኩል የተከተፈው ነው።

ስለ አደጋም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የተሳለ ቢላዋ ይፈራል። እኔን የቆረጠኝ ግን ዱልዱሙ ነው። በጾም ወቅት ለደንበኞች ዱባ ወጥ ልሠራ ዱባ እየቆረጥኩ ነበር። ቢላዋው ልጣጩን አልይዝ አለ። በኃይል ስጫነው ሸርተት ብሎ ግራ አመልካች ጣቴ ላይ አረፈ። 5 ስፌት ተሰፋሁ። የተሳለ ቢላዋ ግፊት አይፈልግም፣ ስለዚህ ከእጅሽ አያመልጥም።

ወደ ሥጋው ስንመጣ ብዙ ሰው ትልቅ ከባድ ቢላዋ ያስፈልጋል ይላል። ለዶሮ አያስፈልግም። ዶሮ 12 ብልት ሲወጣ አጥንት አይሰበርም፣ መገጣጠሚያው ነው የሚፈታው። ክንፉን ወይም ጭኑን ወደ ኋላ ስታጥፊው መጋጠሚያው ራሱ ይታይሻል። ጠንካራና ጫፉ ሹል የሆነ ከ13 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቢላዋ እዚያ ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ለቋንጣ ስትዘለዝዪ ግን ረዘም ያለና ስስ ይሻልሻል። ሥጋው በአንድ ስበት እንዲከፈት እንጂ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እንዳትዪበት። የሐይቅ ዓሣ የምትሠሪ ከሆነም ስስና ትንሽ የሚተጣጠፍ ቢላዋ ደስ ይላል፤ የቆሮሶ አጥንት ላይ ተንሸራቶ ሥጋውን ሙሉ ያወጣልሻል። ይህ ሁሉ ግን ለነገ ነው። ዛሬ በሁለት ቢላዋ መጀመር ትችያለሽ። ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላዋ ድፎ የምትደፊ ከሆነ ብቻ ያዢ።

አሁን ገበያ ላይ ቆመሻል እንበል። የማይዝግ የሚባለው ብረት ውስጡ ክሮሚየም አለበት፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ። ግን «ስቴንለስ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ጥሩ ቢላዋ ነው ማለት አይደለም። ማንኪያም ስቴንለስ ነው፣ ስለት ግን አይዝም። ምላጩ ላይ 1.4116 የሚል ቁጥር ካየሽ፣ ያ በጀርመን ለወጥ ቤት ቢላዋ በብዛት የሚሠሩበት ብረት ነው። ለኛ ቤት ተስማሚ ነው፤ አይዝግም፣ ሲሳልም አያስቸግርም። «ዞሊንገን» የሚል ስም የጀርመን ቢላዋ ሠሪዎች ከተማ ስም ነው፤ ስሙን ማንም እንዳይለጥፍበት እዚያ አገር ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። እኛ ገበያ ግን ማኅተሙን አስመስሎ መምታት ቀላል ስለሆነ፣ በጽሑፍ ብቻ አትታለዪ። ዘመድ ከዓረብ አገር የሚመጣ ካለሽ አንዱን ጥሩ በሱ አስመጪ። ሴራሚክ የሚባለው ነጩ ቢላዋ በጣም ይቆርጣል፣ ግን ሲወድቅ ይሸረፋል፣ ተራ ድንጋይም አይስለውም። ለአዲስ ጎጆ አልመክርሽም።

በእጅሽ አረጋግጪ። እጀታውን ከጎን እዪው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ከዘለቀ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሦስት ምስማር ተያይዞ ይታያል። እጀታውና ምላጩ በሚገናኙበት ቦታ ክፍተት ካለ ተዪው፤ ሥጋና ሽንኩርት እዚያ እየገባ ይሸታል። ከዚያ ስለቱን ወደ ብርሃን አዙሪና ከፊት ለፊት እዪው። የሚያብለጨልጭ መስመር ከታየሽ እዚያ ቦታ ላይ ደንዟል ማለት ነው። ከጀርባው ደግሞ እንደ ቀስት የተጣመመ እንዳይሆን ተመልከቺ። ሻጩ ከፈቀደልሽ ቲማቲም ይዘሽ ሂጂ። ጥሩ ቢላዋ ሳትጫኚው ልጣጩን ይበጥሳል።

መክተፊያሽ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። መስታወት፣ እብነ በረድ፣ የሸክላ ሰሃን፣ የብረት ትሪ ላይ የከተፍሽ ቀን አዲሱ ቢላዋሽ አበቃለት። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፊ፣ አይንሸራተትም።

መሳሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከግዢው ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔ በጣም የምወደውን ቢላዋ አንድ ጋራዥ ወስጄ በግራይንደር አስሳልኩት። ብልጭታው ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስቀበለው ስለቱ አካባቢ ሰማያዊ ሆኗል። ያን ቀን ምላጭ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን ቅቤም አይቆርጥም። ብረቱ ግሎ ጥንካሬውን አጥቷል። ያንን ከማድረግ የእናቶቻችን ዘዴ ይሻላል፤ የሸክላ ኩባያ ገልብጠሽ ቂጡ ላይ ያለው ሻካራ ክብ ላይ ስትስዪው ለቸኮለ ሰው ይበቃል።

ድንጋዩን ስትገዢ ሁለት ፊት ያለውን ምረጪ፣ አንዱ 400፣ ሌላው 1000 አካባቢ። ቁጥሩ የድንጋዩን ሻካራነት ነው የሚነግርሽ፤ 400ው ሻካራው፣ 1000ው ለስላሳው ነው። ውሃ አርሺው፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጪው። ቢላዋውን ቀጥ አድርገሽ አቁሚ፣ ያ 90 ዲግሪ ነው። ግማሹን አጋድሚ፣ 45 ይሆናል። አሁንም ግማሹን አጋድሚ። ከዚያ ጥቂት ብቻ ዝቅ ስታደርጊው 20 አካባቢ ነሽ። በዚያው ጋደልታ ከእጀታው እስከ ጫፉ ድረስ በቀስታ ሳዪው። በሌላው ጎን ስለቱን በጣትሽ ስትዳብሺ፣ ከጀርባው ወደ ስለቱ አድርገሽ፣ ቀጭን ሻካራ ጠርዝ ከተሰማሽ ያ ጎን አልቋል። ገልብጪው። መጨረሻ ላይ በለስላሳው ፊት ጨርሺ። ቤት ውስጥ በወር አንዴ ይበቃል። ሥጋ ቤቶች የሚጠቀሙበት ክብ መሳያ ብረት ግን ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው፤ የተጣጠፈውን ስለት ያቃናል እንጂ አዲስ ስለት አያወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ለኛ አገር ልጅ መንገር ግዴታዬ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሰሽ የአንድ ወገን ሥጋ ብቻ አታዘጋጂም። የእስላሙ ለብቻ ይታረዳል፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ቢላዋውም ለብቻ ነው። ጎረቤት ሲመጣ ቢላዋውን ከቤቱ ይዞ ስለሚመጣ በድግስ መሃል ይቀላቀላል። እኔ እጀታው ላይ ባለቀለም ናስትሮ እጠቀልላለሁ። አረንጓዴው የኛ፣ ቀዩ የክርስቲያን እህቶቼ፣ ቢጫው ቅቤም ሥጋም የማይነካው የጾም። ማንም ሳይጠይቅ የራሱን ያነሳል። እንግዳሽ የቀረበለትን ሳይጠራጠር እንዲበላ ማድረግ ከባልትናው ሁሉ ይበልጣል። አንቺም ከመጀመሪያው ልመጂው።

ወደ እናትሽ ካራ ልመለስ። ከገለጽሽው ተነስቼ ባሌስትራ ይመስለኛል፤ ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሚሠራው ወፍራሙ ካራ። እኔም ከባቲ ሰኞ ገበያ የገዛሁት አለኝ። ያ ብረት ካርቦን ስላለው ስለት በደንብ ይይዛል፣ ድንጋይ ላይም ቶሎ ይወጣል። ጥፋቱ መዝገጉ ብቻ ነው። ጥቁረቱን አትፍሪው። ሽንኩርት፣ ሎሚና ቲማቲም የነካው የካርቦን ብረት ይጠቁራል፣ ጉዳት የለውም። ዝገት ማለት ቀዩ፣ እጅ የሚያቀልመው ነው። እሱን በሎሚና በጨው እሺው፣ ካልለቀቀ ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ተጠቀሚ። ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ፣ ስስ የምግብ ዘይት ይቀባ። ከማንኪያ ጋር መሳቢያ ውስጥ አትወርውሪው። ከወፍራም ካርቶን አፎት ሥሪለት።

ሽንኩርቱን ለአዲሱ ቢላዋ ተዪና ካራውን ለዶሮ፣ ለዱባና ለጥቅል ጎመን አድርጊው። ለዓመታት ያልተሳለ ከሆነ በ400ው ፊት ግማሽ ሰዓት ሊፈጅብሽ ይችላል፣ ተስፋ አትቁረጪ። እምቢ ካለሽ ደሴ ስትወርጂ ይዘሽው ነይ። ቡና እየጠጣን አብረን እንስለዋለን።